አንድ ቁም ሳጥን፣ 54 ደረጃ

እናቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምትኖረው። ጉልበቷ ደረጃ እምቢ ሲላት፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ምድር ላይ ያለ ቤት ተገኘና ወደዚያ ልትወርድ ወሰነች። መኪና አያስፈልግም። ርቀትም የለውም። 54 ደረጃ ብቻ ነው። «ግማሽ ቀን ይበቃናል» ተባባልን።

አልበቃንም። እንዲያውም ሰው ሊጎዳብን ለጥቂት ነው የተረፍነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ምን እንደተፈጠረ፣ ለምን እንደተፈጠረ፣ ሁለተኛው ሙከራ በምን እንደተሻለ ልጻፈው። ቤት የሚቀይር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከባድ ዕቃ ፊት መቆሙ አይቀርም።

ስድስት ነበርን፦ እማዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ የእህቴ ባል፣ ታናሽ ወንድሜ፣ አንድ ጎረቤትና እኔ። የእህቴን ባል «ጋሼ» ነው የምለው። ጎረቤታችን ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ጠንካራ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም «አንቱ» እንላቸዋለን። እህቴ ነርስ ናት። ይህ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገን ነገር እንደነበር የገባን ዘግይተን ነው።

ዕቃው የማንኛውም ቤት ዕቃ ነው። ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ሶፋ፣ አልጋ፣ መጻሕፍት። ከዚያ ደግሞ ቁም ሳጥኑ። ባለ ሦስት በር፣ ከወፍራም እንጨት የተሠራ፣ አባታችን በሕይወት እያለ የገባ ዕቃ ነው። ቁመቱ 2.20 ሜትር፣ ስፋቱ 1.35 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር። አናቱ ላይ ደግሞ 12 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የተቀረጸ ጌጥ አለው። እማዬ «እሱን ጥዬ አልወርድም» ብላለች። ስለዚህ መሸጥ ወይም ፈልጦ ማውጣት የሚባል ነገር አልተነሳም።

ሥራው ራሱን ሲደለድል

ሥራውን ማንም አልደለደለም። ራሱ ተደለደለ። ወንዶቹ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዱ፣ ሴቶቹ ወደ ካርቶኖቹ። ወንድሜ «እናንተ ቀላል ቀላሉን አውርዱ፣ ይሄን ለኛ ተዉት» አለን። ከልቡ አስቦልን ነው። እኔም ደስ ብሎኝ አንዱን ካርቶን ታቅፌ ወረድኩ።

ያ ካርቶን መጻሕፍት የተጠቀጠቁበት ነበር። በኋላ ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው 24 ኪሎ ሆነ። ሦስት ፎቅ ብቻዬን ተሸክሜው ወርጃለሁ። ካርቶን ስለሆነ ማንም ከባድ ነው ብሎ አላሰበም፤ እኔም ጭምር። «ቀላል ቀላሉን» ያልነው በመልኩ እንጂ በክብደቱ አልነበረም።

ወደ ቁም ሳጥኑ ልመለስ። ልብሱን አወጡ፣ ሁለቱን መሳቢያዎች አወጡ። በሮቹን ግን «አንድ ጊዜ ነው» ብለው በገመድ ጠፍረው ተዉአቸው። መደርደሪያዎቹም ውስጡ ቀሩ። ደረጃው 1.20 ሜትር ስፋት ስላለው ቁም ሳጥኑ በጀርባው ተኝቶ አያልፍም። ስለዚህ በጎኑ አጋደሙት። ጋሼ ብቻውን ከታች ያዘ። ወንድሜና ጎረቤታችን ከላይ ያዙ። ሁለት ሰው ከላይ የሆነው «ዋናው እንዳይንሸራተት ማገድ ነው» ተብሎ ነው።

አምስተኛው ደረጃ ላይ ጩኸት ሰማሁ። «ያዝ! ያዝ!» «ኧረ ቀስ!» «ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ!» ጋሼ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ነበር የሚወርደው። የሱ ግራ የነሱ ቀኝ ነው። ወንድሜ ወደ ግራው ሲገፋ ጋሼም ወደ ግራው ሳበ፤ ዕቃው ተጣመመና ወደ ታች ተጫነ። ጋሼ ሁለት ደረጃ ወርዶ ቁጭ አለ። የቁም ሳጥኑ ማዕዘን ከደረጃው መደገፊያ ብረት ጋር ባይያያዝ ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ በዚህ መንፈስ አልጽፈውም ነበር።

ሮጬ ስደርስ ጋሼ ገርጥቷል። የቀኝ እጁ ትንሽ ጣት ጥፍር ጠቁሯል። ግራ እጁን ግን ብሽሽቱ ላይ ነበር ያደረገው።

ከአራት ሳምንት በፊት የብሽሽት ኸርኒያ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ስድስት ሳምንት እስኪሞላው ከባድ ነገር እንዳያነሳ ሐኪሙ ነግሮታል። ይህን የማያውቅ አልነበረም። እኔም ወንድሜም ሆስፒታል ሄደን ጠይቀነዋል። እንደዚያም ሆኖ ቁም ሳጥኑ ጎን ሲቆም ታማሚነቱን ረስተን ወንድነቱን ብቻ አየን። እህቴ ብትኖር ትከለክለው ነበር፤ እሷ ግን ያን ሰዓት ታች ቤቱን እየወለወለች ነበር።

በኋላ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት። «ሦስት ወንድ ቆመን፣ እኔ አልችልም ልበል እንዴ?» አለኝ።

ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ መልስ ነው። ጋሼን ወንድ ስለሆነ ማንም «ትችላለህ ወይ?» ብሎ አልጠየቀውም። እህቴንም ሴት ስለሆነች ማንም «ትችያለሽ ወይ?» አላላትም። እሷ ግን በየሥራ ተራዋ ራሱን የማያነሳ አዋቂ ሰው ከአልጋ ወደ አልጋ ስታዘዋውር ነው የምትውለው። ከስድስታችን ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር ተቀናጅቶ ከባድ ነገር ማንሳትን የተማረች እሷ ብቻ ነበረች። እኛ መጥረጊያ ሰጥተን ታች አስቀመጥናት።

እህቴ ስትመጣ

እህቴ ደረጃውን ወጣች፤ መጀመሪያ ባሏን አየችው። ሆዱንና ስፌቱን ዳሰሰች፣ ጥያቄ ጠየቀችው፣ ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠችው። ከዚያ ዞር ብላ «ማንም እንዳይነካው» አለች። ቁም ሳጥኑን ማለቷ ነው።

ወንድሜ ወደ ላይ መልሰን እንሳበው ብሎ ነበር። እሷ እምቢ አለች። «መጀመሪያ ክብደቱን እናውጣለት» አለች። ካቻቢቴ መጣ። ሁለት ሰው ዕቃውን እየደገፈ፣ እሷ እዚያው ደረጃው ላይ የበሮቹን ማጠፊያ አንድ በአንድ ፈታች። ሦስቱ በሮች ወጡ፣ አምስቱ መደርደሪያዎች ወጡ፣ የአናቱ ጌጥም ወጣ። ብሎኖቹን በካልሲ አድርጋ ቋጠረችና ለእማዬ ሰጠቻት። ባዶውን ሳጥን ለአራት ሆነን እየተንፏቀቅን አራት ደረጃ አወረድነውና የደረጃው ማረፊያ ላይ ደረስን። 45 ደረጃ ቀረን።

እዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። ለኔ የዕለቱ ዋና ሥራ ያ ግማሽ ሰዓት ነው።

እማዬ የሰው ክብደት የሚለካበትን ሚዛን ይዛ መጣች። በሮቹን መዘንናቸው፦ 9፣ 9፣ መስታወት ያለው 13። መደርደሪያዎቹ እያንዳንዳቸው 3። መሳቢያዎቹ 6፣ 6። ጌጡ 4። ባዶውን ሳጥን ለመመዘን ደግሞ መሬት ላይ አጋድመን አንዱን ጫፍ ብቻ ሚዛኑ ላይ አሳረፍነው። 26 አለ። ሌላው ጫፍም ያንኑ ያህል ስለሚሸከም፣ 52 ኪሎ ማለት ነው። ሁሉም ሲደመር 114።

ስለዚህ ወንዶቹ መሳቢያዎቹን ብቻ አውጥተው ሲያነሱት 102 ኪሎ ነበር። «ለሦስት ሰው 34፣ 34 ነው፤ ያን ያህልም አይደለም» አለ ወንድሜ። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። ደረጃ ላይ ሸክም እኩል አይካፈልም። ሜዳ ላይ ሁለት ሰው ሁለቱን ጫፍ ሲይዝ ግማሽ በግማሽ ነው። ዕቃው ሲያዘነብል ግን የክብደቱ መሃል ወደ ታችኛው ሰው ይጠጋል። ዕቃው ከመያዣው በላይ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። የኛ ቁም ሳጥን በጎኑ ስለተጋደመ ከእጃችን በላይ 1.35 ሜትር ቆሟል። በዚያ ደረጃ ቁልቁለት ሒሳቡን ሳወጣው ከመቶ 70 ያህሉ የታችኛው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። ጋሼ ከ70 ኪሎ በላይ ተጭኖት ነበር፤ ከላይ ያሉት ሁለቱ 15፣ 15 ገደማ። የደረጃው ጠርዝ የተወሰነውን ባይሸከምለት ኖሮ እስከ አምስተኛውም አይደርስም ነበር። ከሁሉ ከባዱን ቦታ የሰጠነው ስፌቱ ላልጠገገ ሰው ነው። ለዚያውም ብቻውን።

እዚህ ላይ ስለ ጉልበት በግልጽ ልናገር። የወንድና የሴት ጉልበት አንድ ነው አልልም። በአማካይ ሴቶች በክንድና በትከሻ ያላቸው ጉልበት የወንዶቹን ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ይሆናል፤ በእግር ልዩነቱ ይጠባል። የብሪታንያ የጤናና የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በመመሪያው፣ ዕቃው ወደ ሰውነት ተጠግቶ በወገብ አካባቢ ሲያዝ ለወንድ 25 ኪሎን፣ ለሴት 16 ኪሎን መነሻ ያደርጋል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በ1991 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው ቀመር ደግሞ ጾታ አይለይም፤ ሁኔታው ሁሉ ምቹ ሲሆን ከ23 ኪሎ ይጀምርና ማጎንበስ፣ መጠምዘዝ፣ ርቀት ሲጨመር እየቀነሰ ይሄዳል። ግን አማካይ አማካይ ነው። ፊትህ የቆሙት ስድስት ሰዎች አማካይ አይደሉም። አንዱ ታሟል፣ አንዷ ልምድ አላት፣ አንዷ አጭር ናት፣ አንዱ ትናንት ማታ እንቅልፍ አልተኛም። እሱን የሚነግርህ ሰንጠረዥ ሳይሆን ጥያቄ ነው።

እህቴም ጠየቀች። እያንዳንዳችንን፣ እየዞረች። «ጀርባ? ትከሻ? ጉልበት? የሚያምሽ ነገር አለ?» ጎረቤታችን ትንሽ አቅማሙና የግራ ትከሻቸው ከራሳቸው በላይ እንደማይነሳ ተናገሩ። ያን ሁሉ ዓመት ስናውቃቸው ሰምተነው አናውቅም።

እግራችንንም አየች። እኔ ሸበጥ ነበር ያደረግኩት። «ሂጂ ጫማ አድርጊ» አለችኝ። ሄድኩ።

ከዚያ የብሪታንያው መመሪያ ውስጥ ያለውን ሌላ ነገር ነገረችን፤ ሥራ ቦታዋ በስልጠና የሰማችው ነው። ሁለት ሰው አብሮ ሲያነሳ የሁለቱ አቅም ድምር አይገኝም፤ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው የሚገኘው። ሦስት ሲሆኑ ግማሹ። አንዱ ቀድሞ ያነሳል፣ አንዱ ዘግይቶ፤ አንዱ የሌላውን እግር አያይም። የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። «ስለዚህ ሰው መጨመር ብቻውን አይረዳንም፤ አንድ ላይ መንቀሳቀስ ነው ያለብን» አለች።

«ቁሙ»

የቃል ጉዳይ እንዲህ ከባድ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ሲጮሁ የነበረው «ያዝ» ነው። ያዝ ማለት አጥብቀህ ጨብጥ ነው? ቁም ነው? ወደ አንተ ሳብ ነው? ለሦስቱም ሲባል ሰምቻለሁ። በዚያ ላይ ጎረቤታችንን «ያዝ» አይባሉም፤ «ይያዙ» ነው። ወንድሜ አክብሮቱን ሲፈልግ ግማሽ ሴኮንድ ያልፋል። ለኔ ደግሞ «ያዥ» ነው።

እህቴ ሁሉንም በብዙ ቁጥር አደረገችው። «አንሱ።» «ቁሙ።» «አውርዱ።» ሦስት ቃል ብቻ። ለወንድም፣ ለሴትም፣ ለትልቅም ለትንሽም አንድ ነው። ግራና ቀኝ ተከለከለ። «ወደ ግድግዳው» ወይም «ወደ ብረቱ» ነው የሚባለው። ቆጠራውም ተወሰነ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንሱ። የሚነሳው «አንሱ» ሲባል እንጂ «ሦስት» ሲባል አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ አንዱ በሦስት፣ ሌላው ከሦስት በኋላ ሲያነሳ በሽተኛው አንሶላው ላይ ሲጠማዘዝ አይታለች።

«ቁሙ» የሁሉም ናት። ማንም ይላታል፣ ምክንያት አይጠየቅም፣ ሁሉም ይቆማል።

ከታች እህቴና ወንድሜ ያዙ። ቁመታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ አንዱ ማዕዘን ከሌላው ዝቅ አይልም። ረዘም ያለ ሰው ከታች ሲሆን ጫፉን ከፍ አድርጎ ዕቃውን ወደ አግድም ያቀርበዋል፤ ቁልቁለቱ ሲቀንስ የሚጫነውም ይቀንሳል። ከላይ ጎረቤታችንና እኔ፣ በሰፊ ቀበቶ። ትከሻቸው የማይነሳ ሰው ከላይ ይሻላቸዋል፣ እጃቸው ዝቅ ብሎ ነው የሚሠራው። ጋሼ ምንም አልያዘም። ታች ፊታችን ሆኖ ደረጃ ይቆጥርልናል፤ ወደ ኋላ ለሚወርዱት ሁለቱ ዓይን እሱ ነው። መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። ከሦስት ደረጃ በኋላ ግን ድምፁ ተለወጠ። «ስድስት ቀረ። አምስት ቀረ። ወደ ብረቱ ትንሽ። ቁሙ።»

ሒሳቡ አሁንም ጥብቅ ነበር። ከ52 ኪሎ 70 በመቶው 36 ነው፤ ለሁለቱ 18፣ 18። በመመሪያው መሠረት የሁለቱ አቅም ሁለት ሦስተኛ 27 ብቻ ነው። ስለዚህ ተሸክመን አላወረድነውም። ወፍራም ብርድ ልብስ ከሥሩ አሰርንና በየደረጃው ጠርዝ እያሳረፍን አንሸራተትነው። እኛ ከላይ በቀበቶው እየያዝን፣ እነሱ ከታች እየመሩ፣ ደረጃው እየተሸከመ። በየማረፊያው ቆምን። ሲቀመጥ ጣት ሥሩ እንዳይቀር እህቴ የተጠቀለለ ፎጣ ቀድማ ታስገባ ነበር። ፎጣው ላይ ያርፋል፣ ጣት ይወጣል፣ ከዚያ ፎጣው ይሳባል። በየማረፊያው ይህችን ሳትዘል አደረገቻት።

ያለ እንከን ግን አላለቀም። ጥፋቱም የኔ ነው። ታች ደርሰን ሜዳው ኮሪደር ላይ ስንገፋ ጎረቤታችን ፈጠን አሉ። ቀበቶው መዳፌ ውስጥ መንሸራተት ጀመረ። አውቄዋለሁ። «ቁሙ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሁለት ፎቅ ወርጄ፣ ከሁሉ ቀላሉ ቦታ ላይ ተሰጥቶኝ፣ መጨረሻ ላይ «ሴቷ ናት ያቃታት» እንዳይባል ፈራሁ። ማንም ሊል አይደለም፤ እኔው ራሴ ነኝ ያልኩት። ቀበቶው አመለጠኝ፣ ሳጥኑ ዞረ፣ ማዕዘኑ የኮሪደሩን ግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ፋቀው። ሰው አልተነካም። ጋሼን ዝም ያሰኘው ነገር እኔንም ዝም እንዳሰኘኝ የገባኝ ግድግዳውን ሳየው ነው።

ቀሪው ዕቃ

ሌላው ቶሎ አለቀ። ፍሪጁን ቀጥ እንዳለ አወረድነው፤ ስላልተጋደመ ዘይቱ እስኪመለስ ብዙ ሰዓት መጠበቅ አላስፈለገንም። ልብስ ማጠቢያው ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ሲሽከረከር እንዳይዘልል ውስጡ የኮንክሪት ክብደት አለው፤ ያንን አውጥተን ማቅለል ስላልቻልን እሱንም በብርድ ልብስ ነው ያንሸራተትነው። ሶፋውን እህቴና እኔ ሁለታችን አወረድነው፤ ለማሳየት ሳይሆን ወንድሜ መዳፉ ስለተላጠ ነው። በር ላይ በጫፉ አቁመን ጀርባውን መጀመሪያ አስገብተን አዞርነው። የመጻሕፍቱን ካርቶኖች ግማሽ ግማሽ አደረግናቸው።

ቁም ሳጥኑን የማቆሙ ነገር ግን የእማዬ ነው። ጎረቤታችን «መሬት ላይ እያለ ጌጡን እንግጠምለት፣ ከቆመ በኋላ አንደርስበትም» አሉ። ሁላችንም ተስማማን። እማዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነው። ተነስታ ጣሪያውን ወንድሜን አስለካችው። 2.38። ቁም ሳጥኑ ከነጌጡ 2.32። «ይገባል» አለ ወንድሜ። እሷ ሜትሩን መሬት ላይ ከተጋደመው ዕቃ የታች ማዕዘን እስከ ላይኛው ተቃራኒ ማዕዘን በሰያፍ ዘረጋችው። 2.40።

«ሲቆም ይገባል» አለች። «ሲነሳ አይገባም።»

ጌጡን ሳንገጥም አቆምነው። ሰያፉ ያኔ 2.28 ነው። ጌጡን ከቆመ በኋላ በወንበር ወጥተን አስቀመጥነው።

ጋሼ በማግሥቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄደ። ስፌቱ ደህና ነው ተባለ። ጥፍሩ ግን ወደቀ። በሮቹን እህቴ ስትገጥም፣ ከመካከለኛው በር ውስጥ በእርሳስ ጻፈችበት፦ «በር 9፣ 9፣ 13። መደርደሪያ 3። መሳቢያ 6። ጌጥ 4። ባዶው 52። መጀመሪያ ሰዎቹን ጠይቁ።» እማዬ ልብሷን ስትሰቅል በየቀኑ ታየዋለች።